ማርሚታው ይቆይ፣ መጀመሪያ ፍሬኑን እዩ

ልጆች፣ እሁድ ጠዋት በሞተር ብስክሌት ከደሴ ወደ ሐይቅ ስትወርዱ ከበረንዳዬ ሆኜ አያችኋለሁ። ከማየቴ በፊት እሰማችኋለሁ። ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን ማለቴ ነው፣ ቀይራችሁ ድምፁን ስላጎላችሁት ባለቤቴ ሲኒዋን አስቀምጣ ትራገማለች። እኔ ግን ዝም ነው። በእናንተ ዕድሜ ብሆን እኔም አደርገው ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

ጡረታ የወጣሁት ከእንስሳት ጤና ሥራ ነው። በእኛ ጊዜ ለመንሸራሸር ብሎ ሞተር ይዞ መውጣት የሚባል ነገር አልነበረም። ሞተር የመሥሪያ ቤት ናት። በረዶ የተሞላውን የክትባት ሳጥን ከኋላ በከመነዳሪ ቁራጭ ታስርና ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ ትላለህ፤ ገበሬው ከብቱን ሰብስቦ እየጠበቀህ ነው። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በ2003 ዓ.ም ከዓለም ጠፋ ተብሎ ሲታወጅ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ከብቱ አይደለም፣ ያቺ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ናት።

ዲቲዋ ቱ ስትሮክ ናት። የዘይት ፓምፗ ከተበላሸ ስለቆየ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር በእጃችን ነበር የምንቀላቅለው፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን ሩብ ሊትር ዘይት። እንግዲህ አንድ ቀን ክትባት ጭኜ ስጣደፍ ዘይቱን በግምት ጠብ አደረግኩና ከደሴ ቁልቁል ተለቀቅኩ። ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ የነዳጅ መስጫ እጀታውን መልሼ ነዳጁን ዘግቼ፣ ማርሽ ውስጥ እንዳለች፣ ጠመዝማዛውን ስወርደው ስወርደው የኋላ ጎማው በድንገት ቀጥ አለ። ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ባልይዝ ኖሮ ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ምን ይደረጋል፣ ፎሌ አድርጌ፣ ማለትም ከማርሽ አውጥቼ፣ በቁልቁለቱ ብቻ እየተንሸራተትኩ፣ ያለ አንዳች ድምፅ ኮምቦልቻ አንዱ ማደያ ገባሁ።

ቤንዚን ቀጂው ሽማግሌ ናቸው። ሰማያዊ ቱታ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ። ሞተሯን ሳይሆን መጀመሪያ ሳጥኑን ነው ያዩት። ፈትተው ጥላ ውስጥ አስቀመጡና ጆንያ ውኃ ነክረው ጣል አደረጉበት። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ነዳጅ ዘግተህ ነው የወረድከው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ዘይቷን የምታገኘው ከቤንዚኑ ጋር አይደለም እንዴ? ቤንዚኑን ስትዘጋባት ምን ትጠጣ?» አሉኝ። እስክትበርድ ሻይ አጠጡኝ። የእሳት መለኮሻዋን ካንዴላ አውጥተው በቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ አደረጉ፣ ማርሽ አስገብተው ሞተሯን ወደፊት ወደኋላ ወዝወዝ፣ ወዝወዝ። ለቀቀች። ገንዘብ ስሰጣቸው ተቆጡኝ።

ማደያ ያኔ እንዲህ ነበር። የአጂፕን ምልክት አታውቁትም። ቢጫ መደብ ላይ ስድስት እግር ያለው ጥቁር ውሻ እሳት ይተፋል፣ ልጅ ሆኜ እፈራው ነበር። ሞቢል ክንፍ ያለው ቀይ ፈረስ ነበረው። የአሰብ መንገድ በኮምቦልቻና በባቲ ስለሚያልፍ ሾፌሮች ከነተሳቢያቸው ይቆማሉ፣ ከመኪናው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው ይተኛሉ፣ ረዳቶቹ ጎማ በመዶሻ እየነኩ ድምፁን ያዳምጣሉ። በአንድ በኩል ላምባ የሚገዙ ሴቶች ጀሪካን ደርድረዋል። ጎሚስታው ደግሞ ከመነዳሪውን ባልዲ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል። ሰው ስለሚቆይ ሞተርህን ሳይጠሩት አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ያየዋል፤ «ካቴናህ ላልቷል»፣ «የፊት ጎማህ ተበልቷል» ይልሃል። የሚናፍቀኝ ይሄ እንጂ ቤንዚኑ አይደለም። አሁን ሰልፍ ነው፣ ስልክህን ታወጣለህ፣ ትከፍላለህ፣ ትሄዳለህ።

አሁን የእናንተን ነገር ልናገር። የእናንተ ሞተሮች ፎር ስትሮክ ናቸው፣ ዘይታቸው ለብቻው ነው። ስለዚህ እኔን ያስቀጣኝ ነገር ለእናንተ ትክክል ነው፤ ሞተሩን ሳታጠፉ እጀታውን መልሳችሁ ነዳጅ ዝጉና በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይያዝላችሁ። እናንተ ግን ቤንዚን ተወደደ ብላችሁ በፎሌ ትወርዳላችሁ! ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ በፍሬን ብቻ ስትወርዱ ፍሬኑ ይግላል፣ ሲግል አይዝም። ከፊታችሁ ደግሞ ተሳቢ አለ፣ በክረምት ጉም አለ፣ አህያ አለ።

ብር ካላችሁ መጀመሪያ ጎማ ግዙ። ቀጥሎ የፍሬን ሸራ፣ ቀጥሎ ጭንቅላታችሁን በልክ የሚይዝ ሄልሜት፣ ክንድ ላይ የሚንጠለጠል ሳይሆን። ስፖኪዮ ለምን እንደምትነቅሉ እስካሁን አልገባኝም፣ ያምራል ነው የምትሉት? ማርሚታ ጉልበት ይጨምራል ያላችሁ ሰውም ድምፅ ነው የሸጠላችሁ። ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታው አንድ አስረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ደሴ ላይ ስትነዱ ከገዛችሁት ጉልበት ሩቡ ገደማ የለም ማለት ነው። አየሩ ስስ ሆኖ ነው፣ ማርሚታ አየር አይጨምርም።

ካርቡሬተር ያላት ከሆነች ግን አንድ ነገር ማድረግ ትችላላችሁ። ካንዴላዋን አውጡና ጫፉን እዩ። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል፣ ደጋ ላይ የተለመደ ነው፣ ይስተካከላል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷታልና ቶሎ ጋራዥ። ቡናማ ከሆነ ሂዱ፣ መርሳ ድረስ ሂዱና ብርቱካን ብሉ፣ መንገዱ በመስከረም እንዴት እንደሚያምር እኔ አልነግራችሁም።

ዲቲዋን መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያወጣት ገዛኋት። ባለቤቴ እስከዛሬ ይቅር አላለችኝም። ትናንት ካንዴላዋን አወጣሁ፣ ቡናማ ናት። እሁድ ሐይቅ ላይ ጭስ ካያችሁ እኔ ነኝ፣ በግራ በኩል ቀስ ብላችሁ እለፉኝ።