«ሁለታችንም ውሸታሞች ነን» ያለው ሰውዬ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ፣ እነዚህ እውነተኛና ውሸታም የሚባሉት የሎጂክ ጥያቄዎች ላይ ሁሌ እየተሸወድኩ ተቸገርኩ። ለምሳሌ ይሄ፦ ሁለት ሰዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ወይ ሁሌ እውነት ነው የሚናገሩት ወይ ሁሌ ይዋሻሉ። አንደኛው «ሁለታችንም ውሸታሞች ነን» ይላል። እኔ ያሰብኩት፣ እውነተኛ ቢሆን ራሱን ውሸታም አይልም ስለዚህ ውሸታም ነው፣ ውሸታም ከሆነ ደግሞ ያለው ነገር ይገለበጣል፣ ስለዚህ ሁለቱም እውነተኞች ናቸው። ግን አሁን ውሸታም ነው ብዬ አልነበር? ጥያቄው ነው የተበላሸው ወይስ እኔ? እህታችሁ ነኝ።

መልስ፦ እህቴ ጥያቄው ምንም አልሆነም፣ አንቺም እስከ ግማሽ ድረስ በጣም ጥሩ ነው የሄድሽው። ሰውዬው ውሸታም መሆኑን ያገኘሽበት መንገድ ትክክል ነው፣ የተሳሳትሽው «ይገለበጣል» ያልሽው ላይ ነው። እሱ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ነው የሚወድቀው፣ ለዛ ነው ረዘም አድርጌ የምመልስልሽ።

አንድ ሰው «ተማሪዎቹ ሁሉም አልፈዋል» ቢልሽና አንድ ተማሪ ብቻ ወድቆ ብታገኚ ሰውዬው ዋሽቷል። ሁሉም እስኪወድቁ አትጠብቂም አይደል? «ሁለታችንም ውሸታሞች ነን» የሚለውም እንደዛው ነው፣ እሱን ለማፍረስ አንድ እውነተኛ ሰው ይበቃል። ስለዚህ ንግግሩ ውሸት ነው ስትይ ያገኘሽው «ቢያንስ አንዳቸው እውነተኛ ነው» የሚለውን ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አንደኛው ውሸታም መሆኑን አስቀድመሽ አውቀሻል፣ እንግዲህ እውነተኛው ሁለተኛው ነው። አለቀ። መልሰሽ ቼክ አድርጊው፦ አንደኛው ውሸታም፣ ሁለተኛው እውነተኛ፣ «ሁለታችንም ውሸታሞች» ያለውም ውሸት ሆነ፣ ሁሉም ገጠመ።

በኛ ቋንቋ ይሄ ነገር የበለጠ የሚያሳስት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም አማርኛ ላይ አንድን ነገር ስንክድ ግሱን ነው የምንነካው። «ሁሉም አልመጡም» ስንል አንዳንዴ ማንም አልመጣም ማለታችን ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ የቀረ አለ ማለታችን ነው፣ ሰው በንግግሩ ሁኔታ ይገባዋል እንጂ አረፍተ ነገሩ ራሱ አይነግርሽም። ሎጂክ ላይ ግን ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ስለዚህ ግሱ ላይ «አል» ወይም «አይደለም» ከምትጨምሪ ሙሉውን አረፍተ ነገር እንዳለ አስቀምጪና ኋላው ላይ «የሚለው ልክ አይደለም» በይበት፣ ከዛ «ልክ እንዳይሆን ቢያንስ ምን መሆን አለበት?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። «እና» ያለበት ንግግር ውሸት እንዲሆን ከሁለቱ አንዱ መሳሳቱ ይበቃል፣ «ወይም» ያለበት ግን ሁለቱም ካልተሳሳቱ ውሸት አይሆንም። እኔ ራሴ ይሄን ወረቀት ላይ መፃፍ ከጀመርኩ በኋላ ነው መሳሳት የቀነስኩት።

ጥያቄ፦ ሶስት ሳጥኖች አሉ፣ አንዱ ውስጥ ቁልፍ አለ። ቀዩ ላይ «ቁልፉ ነጩ ውስጥ ነው»፣ ነጩ ላይ «ቁልፉ እዚህ የለም»፣ ጥቁሩ ላይም «ቁልፉ እዚህ የለም» ተብሎ ተፅፏል። ከሶስቱ ፅሁፍ እውነቱ አንድ ብቻ ነው። አንድ በአንድ እየሞከርኩ አገኘሁት ግን አጭር መንገድ የለውም?

መልስ፦ አለው ወንድሜ፣ መሞከርህም ግን ነውር የለውም፣ ሳጥኖቹ 3 ብቻ ስለሆኑ ቶሎ ያልቃል። የሚከብደው ሰዎቹ ሲበዙ ነው፣ እውነተኛና ውሸታም ያለበት ጥያቄ ላይ ለ3 ሰው 8 አማራጭ ነው ያለው፣ ለ10 ሰው ግን 1,024 ይሆናል፣ እሱን ቁጭ ብሎ ማን ይሞክራል። አጭሩ መንገድ እርስ በርስ የሚካካዱ ሁለት ፅሁፎችን መፈለግ ነው። ቀዩ ነጩ ውስጥ አለ ይላል፣ ነጩ እኔ ጋ የለም ይላል፣ ሁለቱም እውነት መሆን አይችሉም ሁለቱም ውሸት መሆንም አይችሉም። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ እንኳ ያቺ አንዷ እውነት እዛ መሀል ተይዛለች፣ ለጥቁሩ የተረፈ እውነት የለም። የጥቁሩ ፅሁፍ ውሸት ከሆነ ቁልፉ ጥቁሩ ውስጥ ነው። ማን እውነት እንደተናገረ ሳትፈርድ መልሱ ጋ መድረስህ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፣ ለኔ የዚህ ጨዋታ ትልቁ ጣዕም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ቲቶ 1፥12 ላይ የቀርጤስ ሰዎች ዘወትር ውሸተኞች ናቸው ያለው ራሱ የቀርጤስ ሰው ነው። ታዲያ እውነቱን ነው ወይስ ዋሸ? እውነት ከሆነ ውሸት ይሆናል፣ ውሸት ከሆነ እውነት ይሆናል፣ ጭንቅላቴ ዞረ።

መልስ፦ ይሄን የተናገረው ኤፒሜኒዲስ የሚባል ጥንታዊ ሰው ነው እየተባለ ሲወርድ የመጣ ነው፣ ሎጂክ የሚያጠኑ ሰዎችም ሁሌ ያነሱታል። እንደ እንቆቅልሽ ብቻ ካየነው ግን እንደሚባለው ያን ያህል ቋጠሮ የለውም። «ዘወትር» የሚለውን ቃል በቃል ከወሰድክ እውነት ሊሆን አይችልም፣ እሺ፣ ውሸት ይሁን። ውሸት ከሆነ ምን ተገኘ? ከላይ ለእህታችን ያልኩት ነው፣ «ሁሉም ሁሌ ይዋሻሉ» ውሸት እንዲሆን አንድ የቀርጤስ ሰው አንድ ቀን አንድ እውነት መናገሩ ይበቃል፣ ያ ሰው ደግሞ የግድ ኤፒሜኒዲስ መሆን የለበትም። ስለዚህ ሰውዬው አጋኖ ዋሽቷል ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ምንም አይጋጭም።

ጭንቅላት የሚያዞረው «ይሄ አሁን የምናገረው ውሸት ነው» የሚለው ነው። እሱ ስለራሱ ብቻ ስለሚናገር ማምለጫ የሚሆን ሌላ ሰው የለውም፣ እውነት ስትለው ውሸት ይሆናል ውሸት ስትለው እውነት ይሆናል። እንደነዚህ ባሉ ጥያቄዎች ላይ ማንም ወጥቶ «እኔ ውሸታም ነኝ» የማይልህም ለዛ ነው፣ እውነተኛው ቢለው ይዋሻል፣ ውሸታሙ ቢለው እውነት ይናገራል። እንዲህ የሚል ሰው ያለበት ጥያቄ ካጋጠመህ ወይ እንደፈለገ አንዴ እውነት አንዴ ውሸት የሚናገር ሶስተኛ አይነት ሰው አለበት፣ ወይ ደግሞ ያዘጋጀው ሰው ተሳስቷል።