ሚያታህ ላይ ገንዘብ ከማፍሰስህ በፊት

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ! የ1999 ማዝዳ ሚያታ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ የሸራ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ትንሽ ስፖርት መኪና፣ ባለ 5 ማርሽ፣ 118,000 ማይል የሄደች። እጅህ ላይ 2,000 ዶላር አለ። ቱርቦ ላስገባ፣ ባለ 17 ቸርኬ ላድርግ ወይስ ማርሚታ ልቀይር ብለህ ነው የጠየቅከው። ቁርጡን ልንገርህ፦ ለጊዜው ሦስቱንም ተዋቸው። እኔም ያንተን አይነት መኪና እዚሁ ሜሪላንድ ዘጠኝ ዓመት ነድቻለሁ፣ ብዙውን ሥራ የሠራሁትም ቤቴ በር ላይ በራሴ እጅ ነው። ስለዚህ የምነግርህ ከወጪዬ ነው።

መጀመሪያ የገዛሃት መኪና ምን እንደሆነች እንነጋገር። ሚያታ በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ስትቀርብ 116 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ያንተዋ 140 አላት፣ ክብደቷም ከአንድ ቶን ትንሽ ቢበልጥ ነው። ዛሬ መንገድ ላይ የሚያልፍህ አብዛኛው የቤተሰብ መኪና በጉልበት ይበልጣታል። ማዝዳዎች ግን ሲሠሯት የያዙት ሐሳብ ሌላ ነበር። በጃፓንኛ ጂንባ ኢታይ ይሉታል፤ ፈረስና ጋላቢ አንድ ሲሆኑ ማለት ነው። ጉግስ ያየ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ጋላቢው ገና ሲያስብ ፈረሱ ይታጠፋል። ሚያታም ደህና ስትሆን እንደዚያ ነች፣ መሪውን ገና ነካ ስታደርገው ትሰማሃለች። ችግሩ ያንተዋ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኗታል። ጎሚኒው ደርቋል፣ አሞርዛተሩ ሞቷል፣ ስለዚህ እውነተኛዋን ሚያታ ገና አልነዳሃትም። መጀመሪያ እሷን አውጣት።

የመጀመሪያው ገንዘብ ለሰርቪስ ይሁን። ኮፈኑን ክፈትና ራዲያተሩን እይ። ጫፍና ጫፉ ላይ ያለው ፕላስቲክ አዲስ ሲሆን ጥቁር ነው፣ ሲያረጅ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ቡናማ ከሆነ ሳይሰነጠቅ ቀይረው፣ መንገድ ላይ ከፈነዳ ቴስታታ ይዞብህ ይሄዳል። የሞተሩ ቺንጊያ በ60,000 ማይል የሚቀየር ነው፣ ስለዚህ ያንተዋ ሁለተኛው ሊደርሳት ነው። የቀድሞው ባለቤት ደረሰኝ ካልሰጠህ አልተቀየረም ብለህ ቁጠር። የውሃ ፖምፓውንም አብረህ ቀይር፣ ሥራው አንድ ነው። የታችኛው ፍሪሲዮን ፖምፓ ደግሞ የእነዚህ መኪኖች የታወቀ ድክመት ነው። የኔዋ ሥራ ለቆ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ በሚጣደፍበት ሰዓት መብራት ላይ ጣለችኝ፣ ፔዳሉ ወለል ላይ ቀረ፣ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ገፍተው ዳር አስያዙኝ። ዕቃው ርካሽ ነው፣ ቀድመህ ቀይረው።

ይህን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። በባለ 5 ማርሹ ካምቢዮ ላይ የማርሽ ዱላው የሚቀመጥበት ጉድጓድ የራሱ ዘይት አለው። የካምቢዮ ዘይት ስትቀይር እሱ አይቀየርም። ከላዩ ያለው ጎማ ሽፋን በጊዜ ብዛት ይቀደዳል፣ ዘይቱ ይደርቃል፣ ከታች ሙቀት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ማርሹም ድንጋይ ውስጥ ዱላ እንደመክተት ይሆናል። ቡሎኖቹን ፈትተህ ሽፋኑንና ከዱላው ጫፍ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ቀይር፣ ትንሽ የካምቢዮ ዘይት ጨምር። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፣ ዋጋውም የአንድ ምሳ ግብዣ ያህል። የኔን የሠራሁ ቀን ማርሹ እንዴት ጠቅ እንደሚል ለመስማት ብቻ ሰፈሩን ስዞር አመሸሁ። በዚህች መኪና ላይ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የዚህን ያህል ያስደሰተኝ የለም።

ቀጥሎ ጎማ። ለዚህ የ2,000 ዶላርህን ሩብ ብታወጣ አይቆጭህም። መኪናዋ መሬት የምትነካው በአራት መዳፍ በምታክል ቦታ ነው፣ ሌላው ሁሉ በዚያ በኩል ያልፋል። ልኩ 195/50 በ15 ቸርኬ ላይ ነው። ጎኑ ላይ ትሬድዌር የሚል ቁጥር አለ፣ 200 የሆነው በጣም ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል፣ በብርድም ይደነዝዛል። በየቀኑ ሥራ የምትሄድባት ከሆነ 300 አካባቢ ያለውን የበጋ ጎማ ውሰድ። ለክረምት ሌላ ይኑርህ።

አሞርዛተር ላይ የሠራሁትን ስህተት አትድገም። በመጀመሪያው ዓመት መኪናዋ ዝቅ ብላ እንድትታይ ብዬ ከኢንተርኔት ርካሽ፣ ከፍታው የሚስተካከል አሞርዛተር ከነሞላው ገዛሁ። ስሙን እዚህ አልጠራውም። በፎቶ ታምራለች። መንገድ ላይ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ወገቤ ላይ ይደርስ ነበር። የሚያታ አሞርዛተር ጉዞው ከመነሻው አጭር ነው፣ መኪናዋን ዝቅ ስታደርጋት የቀረችውን ትጨርስና መግቻው ላይ፣ ማለትም አሞርዛተሩ ብረት ለብረት እንዳይጋጭ የምትገታው ትንሽ ጎማ ላይ ታርፋለች። መታጠፊያ መሃል እዚያ ላይ ከደረሰች የኋላ ጎማው መሬቱን ይለቅና ትንሸራተታለች። ቨርጂኒያ ተራራ ላይ ባለው ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው መንገድ በዝግታ እየነዳሁ፣ እዚያ ፍጥነቱ በሰዓት 35 ማይል ነው፣ ሰፋ ያለ ኩርባ ላይ የኋላዋ ሲዘል ደነገጥኩ። በሳምንቱ አወጣሁት። የፋብሪካውን ሞላ መልሼ ኮኒ ከሚባሉት ቢጫ አሞርዛተሮች ጋር ገጠምኩ፣ መግቻ ጎማዎቹንም በአዲስ ቀየርኩ። ያ ሁሉ መዝለል ቀረ። ከፍታዋን ሳትነካ ጥሩ አሞርዛተር ብቻ ግባበት፣ ይበቃሃል።

ከዚያ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በትንሽ ወጪ መኪናዋን የሚቀይራት ይህ ነው። ሚያታ ፊትም ኋላም ሁሉም ነገሯ የሚስተካከል ነው፣ በዚህ ዋጋ እንዲህ የሆነ መኪና ብዙ አታገኝም። ተራ ጋራዥ ከወሰድካት ግን ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴ እስኪበራ ያስተካክሉና ይሸኙሃል። አንተ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈህ ይዘህ ሂድ። የፊት ካምበር፣ ማለትም ጎማው አናቱ ወደ ውስጥ የሚያዘነብለው፣ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ፣ የኋላው ከዜሮ በታች 1.5፣ የፊት ጎማዎች ቀጥ ትይዩ፣ የኋላዎቹ በጣም ትንሽ ወደ ውስጥ። በግራና በቀኝ እኩል መሆኑ ከቁጥሩ እኩል ዋጋ አለው። ሲያስተካክሉ የአንተን ክብደት የሚያክል ነገር ሾፌር ወንበር ላይ እንዲያስቀምጡ ለምናቸው፣ ቀላል መኪና ስለሆነች የሰው ክብደት ይቆጠራል። አንድ ነገር ግን፣ የሚስተካከሉት ቡሎኖች ዝገት ይይዛቸዋል፣ በተለይ ክረምት ለበረዶ ጨው በሚበተንበት በዚህ በኛ አካባቢ። ከቀጠሮህ ሦስት ቀን በፊት ጀምረህ ማታ ማታ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት እርጫቸው፣ አለዚያ ጋራዡ አልፈታ አለን ብሎ ይመልስሃል።

ፍሬን ላይ ትልልቅ ነገር አትግዛ። የፋብሪካው ለክብደቷ ይበቃታል። ጥሩ ሸራና አዲስ ዶት 4 ዘይት ብቻ። ዘይቱን ችላ ብዬ ሰሚት ፖይንት የሚባለው የውድድር ፒስታ የሄድኩ ቀን፣ ከረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ ስረግጥ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆነብኝ። ዘይቱ ፈልቶ ነበር። ከአስፋልቱ ወጥቼ ሣሩ ላይ ቆምኩ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ከዚያ ወዲህ ግን በየዓመቱ እቀይራለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎችህ። ቱርቦ በ2,000 ዶላር አይሆንም። ቱርቦው ብቻውን አይደለም፣ ኮምፒውተር፣ ነዳጅ የሚረጨው፣ ማቀዝቀዣው፣ ፍሪሲዮኑ ሁሉ ይከተላል፣ የነዚህ ሞተሮች ቢዬላም ከልክ ያለፈ ግፊት ሲመጣ ይጣመማል። ቸርኬው ላይ፣ 17 ከባድ ነው፣ ጎማውም ቀጭን ይሆንና ጉድጓድ ያስቸግራል። 15 ላይ ቆይ፣ ቀለል ያለ ካገኘህ ደግሞ ግዛ፣ ጎማ ላይ የሚቀነስ ኪሎ በደንብ ይሰማል። ማርሚታ ድምፅ ነው የሚገዛልህ። ድምፁን ከወደድከው ግዛ፣ ፍጥነት እጠብቃለሁ ብለህ ግን አይሁን። የጭስ ማጣሪያውን ካታሊቲክ ግን እንዳታወጣ፣ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው።

ፒስታ ላይ የመግባት ሐሳብ ካለህ ከኋላህ ሮል ባር፣ ማለትም መኪናዋ ብትገለበጥ ራስህን የሚጠብቅ የብረት ቅስት፣ ግዴታ ነው፣ ጣሪያዋ ሸራ መሆኑን አትርሳ። ሄልሜት አድርገህ ተቀመጥ፣ ከሮል ባሩ አናት እስከ ፊት መስታወቱ ጫፍ የመጥረጊያ እንጨት ይጋደም፣ ራስህ ከእንጨቱ በታች መሆን አለበት። ረጅም ከሆንክ የወንበሩን ስፖንጅ ቀንስ፣ እኔ ያለፍኩት እንደዚያ ነው። ብረቱን በወፍራም ፎም መሸፈን አትዘንጋ፣ መንገድ ላይ ያለ ሄልሜት ነው የምትነዳው። ፒስታ ሩቅ ከሆነብህ የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ (ኤስሲሲኤ) የዋሽንግተን ክፍል ኦቶክሮስ ያዘጋጃል፣ ባዶ ፓርኪንግ ላይ በኮን መካከል ብቻህን ትነዳለህ። ለኪስህም ለመኪናህም ይቀላል፣ ከዚያ ቀን በኋላ ምን እንደሚጎድላት ራስህ ትነግረኛለህ።

ዝናብ ሳይመጣ ደግሞ ከወንበሩ ኋላ፣ ከሸራው ሥር በግራና በቀኝ ያሉትን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች ጥረግ። ቅጠል ከደፈናቸው ውሃው ከበሩ ሥር ያለው ብረት ውስጥ ይጠራቀምና ከውስጥ ይበላዋል፣ ከውጭ ሲታይህ ጊዜው አልፏል። ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ተጠቀም፣ ሽቦ አትክተት።

ዛሬ ማታ ጎማዎቹ ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች አይተህ እዚህ ጻፍልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ ተከታዮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ዓመቱ ናቸው፤ 3512 ካለ በ2012 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንደዚያ ያረጀ ከሆነ ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ ሌላውን ሁሉ አቆይና ከጎማው ጀምር።