ደብተሩን ከመሳቢያ አውጪው

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በስታቲስቲክስ ተመርቀሽ ሥራ እየፈለግሽ ነው። ከልጅነትሽ ጀምሮ ወፍ ታያለሽ፣ ያየሽውንም በደብተር ትመዘግቢያለሽ። አሮጌ ሬዲዮ ትጠግኛለሽ፣ ሥዕልም ትስያለሽ። "እነዚህን ሁሉ አንድ ድረ ገጽ ላይ ባወጣቸው ቀጣሪ እንደ ልጅ ጨዋታ አያይብኝም ወይ? ኮድም አልችልም፣ ከየት ልጀምር?" ብለሽ ጠይቀሻል።

አያይብሽም። ግን አንድ ነገር በግልጽ ልንገርሽ። ቀጣሪ ምን እንደምትወጂ ለማወቅ ብዙም አይቸኩልም። ማወቅ የሚፈልገው የወደድሽውን ነገር ይዘሽ ምን እንደሠራሽ ነው። "ወፎችን በጣም እወዳለሁ" የሚል ገጽ ሰው አየት አድርጎ ያልፈዋል። ለዓመታት የተመዘገበ፣ የተጣራና የተተነተነ መረጃ ያለበት ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ቆም ይላል፣ በተለይ የሚቀጥረው መረጃ የሚሠራ ሰው ከሆነ። ስለዚህ ሦስቱንም በአንዴ አትጀምሪ። ከወፍ ደብተርሽ ጀምሪ።

በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ መስመር ገልብጠሽልኛል፦ "ማክሰኞ ማለዳ፣ ደመና፣ ኩሬው ዳር፣ ዳክዬ 14፣ ሁለቱ ጫጩት ይዘዋል።" አንቺ እንደ ቀላል ነገር ነው የጻፍሽው። እኔ ግን ቀን፣ ሰዓት፣ የአየር ሁኔታ፣ ቦታ፣ ዝርያ፣ ብዛትና ባህርይ አየሁበት። ሰባት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ነው እኮ!

አሁን ይህን ወደ ኤክሴል ስትገለብጪ ባዶ ቀናት ያጋጥሙሻል። ያን ቀን ወጥተሽ አንድም ወፍ አላየሽም ወይስ ጭራሽ አልወጣሽም? ሁለቱ ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው ዜሮ ነው፣ ሁለተኛው የጎደለ መረጃ። ሁሉንም ዜሮ ብለሽ ከሞላሽው ፈተና ላይ የነበርሽበት ወር ወፍ የጠፋበት ወር መስሎ ይወጣል። ደግሞም ሦስት ሰዓት የቆየሽበት ቀንና ሃያ ደቂቃ ብቻ የቆየሽበት ቀን እኩል አይቆጠሩም፤ በሰዓት ስንት እንዳየሽ ማስላት አለብሽ፣ የቆይታውን ጊዜ ያልጻፍሽባቸውን ቀናት ምን እንዳደረግሻቸውም ሳትደብቂ ማስረዳት አለብሽ። ሌላም አለ። በ12 ዓመትሽ የማትለያቸውን ዝርያዎች ዛሬ በድምፃቸው ብቻ ታውቂያቸዋለሽ። የዝርያው ቁጥር ከዓመት ዓመት ጨምሮ ቢታይ ወፎቹ ስለበዙ ላይሆን ይችላል፤ የአንቺ ዓይንና ጆሮ ስለሰላ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ በቀላል ቋንቋ ጻፊው። ግራፉ ያማረ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ከግራፉ ሥር ያለው ማብራሪያ ግን ይበልጣል። ዜሮንና የጎደለን መረጃ የምትለይ፣ የራሷን መረጃ ድክመት የምትናገር ሰው ለቡድኑ የማይፈልግ ኃላፊ ያለ አይመስለኝም።

የልጅ ጨዋታ ነው ብለው ይስቁብኛል ስለምትይው፣ እ.ኤ.አ. በ1900 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ 27 ሰዎች በገና ሰሞን ወፍ ቆጥረው ነበር። ያ ቆጠራ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይካሄዳል፣ ሳይንቲስቶችም ይጠቀሙበታል። ኢበርድ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው የወፍ መመዝገቢያም ቢሆን የቆመው በአብዛኛው እንደ አንቺ ለፍቅራቸው ብለው በሚመዘግቡ ሰዎች ነው። አንቺም እዚያው ሰፈር ነሽ።

ኮድ አለመቻልሽ አያሳስብሽ። የመጀመሪያው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ ጽሑፍና ሊንክ ብቻ ነበር። ያንቺም እንደዚያ ቢጀምር ምንም አይጎድልበትም። ያለ ኮድ ድረ ገጽ የሚሠራበትን ዎርድፕረስን መጠቀም ትችያለሽ። ትንሽ ለመማር ትዕግስት ካለሽ ደግሞ ጊትሀብ (ሰዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትና የሚያጋሩበት ድረ ገጽ) ባለው ጊትሀብ ፔጅስ በሚባል አገልግሎት ላይ በነጻ አውጪው፤ ለመረጃ ሥራ የሚያመለክት ሰው ጊትሀብን ቢለምድ ራሱ ይጠቅመዋል። የራስሽን ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጽሽን አድራሻ ስም፣ ስትገዢ በራስሽ ስምና በራስሽ ኢሜይል ይመዝገብ። "እኔ አወጣልሻለሁ" የሚል ጓደኛ ቢመጣም እሺ አትበይው፣ ነገ ስልኩ ባይነሳ ወይም ብትጣሉ አድራሻሽ እሱ ጋ ይቀራል። እድሳቱን በየጊዜው መክፈል እንዳለም አትርሺ። የሁሉም ነገር ቅጂ ደግሞ ኮምፒውተርሽ ላይ ይኑር። ጂኦሲቲስ የሚባል፣ ሰው ሁሉ የግል ገጹን በነጻ የሚሠራበት ትልቅ ቤት ነበር። ያሁ እ.ኤ.አ. በ2009 ዘጋው፣ ቅጂ ያልያዘ ሰውም የዓመታት ልፋቱን አጣ።

ፎቶዎችሽን ከመጫንሽ በፊት አሳንሻቸው። ከስልክ እንደወጡ ብዙ ሜጋባይት ስለሚሆኑ ኔትወርኩ ደካማ የሆነ ሰው ገጹ ሳይከፈትለት ይሄዳል። ወርዳቸው 1600 ፒክሰል ቢሆን ከበቂ በላይ ነው። አደራ የምልሽ ግን ሌላ ነው፦ የስልክ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ በውስጡ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ቤትሽን ለማያውቁሽ ሰዎች እንዳታሳዪ ያን መረጃ አጥፊው። የወፍ ጎጆ ያለበትን ትክክለኛ ቦታም አትጻፊ፣ በተለይ ብርቅ የሆነ ዝርያ ከሆነ። እንቁላል የሚሰርቅ፣ ወፍ አጥምዶ የሚሸጥ ሰው አለ።

ሲቪሽ ላይ "የትርፍ ጊዜ፦ ወፍ ማየት" የምትለዋን መስመር ሰርዣት። በምትኩ ፕሮጀክት በሚለው ሥር "ለዓመታት በእጅ የተመዘገበ የወፍ ምልከታ መረጃ ወደ ዲጂታል ቀይሬ፣ አጣርቼና ተንትኜ ለሕዝብ አቅርቤያለሁ" በይ። ሊንኩ በቀጥታ ወደዚያ ገጽ ይውሰድ። ቀጣሪው ዋናው ገጽ ላይ ገብቶ እንዲፈልግ አታድርጊው፣ አይፈልግም።

ሬዲዮውን በሁለተኛ ደረጃ ጨምሪው፣ አንድ ገጽ ይበቃል። አንድ ሬዲዮ ምረጪ፦ ምን ነበር ችግሩ፣ መጀመሪያ ምን ጠረጠርሽ፣ ምን ለካሽ፣ መጨረሻ ላይ ምን ሆኖ ተገኘ። ግምትሽ የተሳሳተበትን ቦታም አስገቢው፤ ሰው እንዴት እንደምታስቢ የሚያየው እዚያ ላይ ነው።

ሥዕሉን በተመለከተ፣ ካልፈለግሽ አታውጪው። "ስስል ብቻ ነው ጭንቀቴ የሚለቀኝ" ብለሻል በደብዳቤሽ። እንደዚያ ከሆነ ለራስሽ ይሁን። የምንወደው ነገር ሁሉ ሥራ መፈለጊያ መሆን የለበትም። ሥራ ፍለጋ ደግሞ በጣም ያደክማል፣ የምታርፊበት አንድ ነገር ያስፈልግሻል።

ድረ ገጹ ብቻውን ሥራ አያስቀጥርሽም። ማመልከቻውን መላክ፣ ሰው ማነጋገር አለብሽ። ኢንተርቪው ላይ "እስቲ ስለሠራሽው ነገር ንገሪን" ሲሉሽ ግን ቃላት አይጠፋብሽም። በይ አሁን ከአንድ ዓመት ደብተር ብቻ ጀምሪ፣ ሌላው ይደርሳል። ገጹ ሲወጣ ሊንኩን ላኪልኝ፤ ስለ ባዶ ቀናቱ የጻፍሽውን መጀመሪያ አነባለሁ።