ግንበኛ ለመሆን ለምታስቡ

ሳይት ላይ የማገኛቸው ብዙ ወጣቶች ግንበኝነትን የሚጀምሩት «ሌላ ሥራ እስኪገኝ» ብለው ነው። አልቆጣም፤ የእንጀራ ነገር ነው። ግን እስኪገኝም ቢሆን በወጉ ያዙት።

ድንጋይ መደርደርማ ማንም ይደረድራል። ሙያው ማያያዙ ላይ ነው። የሚታየውን ፊት ሁሉም ያሳምራል፤ የግንበኛ ልክ የሚታወቀው በግድግዳው ሆድ ነው። የውጭና የውስጥ ፊቱን ለየብቻ አቁሞ መሃሉን በፍርስራሽ የሚሞላ አለ። ባለቤቱ አያየውም። ክረምት ሲመላለስበት ግን ግንቡ ሆዱ ይነፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በየመሃሉ ከፊት እስከ ኋላ የሚደርስ ረጅም ድንጋይ አስገቡ። ድንጋዩን በሰፊው ጎኑ አስተኙት እንጂ አታቁሙት። የላይኛው መገጣጠሚያም በታችኛው ትክክል አይዋል፤ ከዋለ ለስንጥቅ መንገድ ከፈታችሁለት ማለት ነው።

ከቻላችሁ ትግራይ ውስጥ የሃ ሄዳችሁ ጥንታዊውን ቤተ መቅደስ እዩ። ከ2,500 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ በድንጋዮቹ መካከል ግን ጭቃም ኖራም የለም። ጠርቦ ማጋጠም ብቻ ነው። ላሊበላንስ ካላችሁኝ፣ እሱ ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ ሌላ ጥበብ ነው። ጎንደር ግን የኛ የግንበኞች ሥራ ናት። የፋሲል ግንብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የቆመ ነው። በዚያ ዘመን ቤተ እስራኤሎች በጎንደር በግንበኝነትና በአናጢነት የታወቁ ነበሩ። እጃቸውን የሚፈልገው ሰው ዞር ብሎ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ንቀቱ ዛሬም መልኩን ቀይሮ አለ፤ «ተምረህ ድንጋይ ልትሸከም?» የሚላችሁ አይጠፋም። ይበል።

እኔን የሚያሳስበኝ ጥድፊያው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የሸክላ ጡብ ሳይረጥብ ይገነባል፤ ደረቅ ጡብ የሲሚንቶውን ውሃ መጥጦ ይጨርሰዋል። ጠዋት የተቦካውን ከሰዓት ውሃ ጨምሮ የሚያነቃ አለ፤ ከጠነከረ በኋላ ውሃ አያድነውም፣ ድፉት። የግድግዳውን ቀጥ ማለት የሚያሳየው ቱንቢ መወዛወዙን ሳያቆም «ልክ ነው» የሚልም አይቻለሁ። የተገነባውን ደግሞ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ አጠጡት። ይህን የሚያደርግ ቡድን ዛሬ ስንት ነው?

ድንጋይ ስትጠርቡ መነጽር አድርጉ። ፍንጣሪው ጀማሪም ባለሙያም አይለይም።

ሒሳብም ልመዱ። 40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ ሜትር ከ12 እስከ 13 ይበላል። ይህን በቃሉ የያዘ ልጅ ሲዋዋል አይሸወድም። ዋጋ በካሬ ከሆነ የበርና የመስኮቱ ቦታ ይቀነስ እንደሆነ፣ ስካፎልዲንጉን (መወጣጫውን) የሚያመጣው ማን እንደሆነ የመጀመሪያው ብሎኬት ሳይቀመጥ ተነጋገሩ። በወረቀትም አስፍሩት።