ከቀጨኔ ለተገዙት ሦስት የአበባ ማስቀመጫዎች

እህቴ፣ ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች የገዛሻቸው ሦስት ትናንሽ ማስቀመጫዎች ቡፌሽ ላይ የውሃ ክብ ትተው፣ ጽጌረዳውም በሁለት ቀን አንገቱን ደፍቶ "ቫርኒሽ ልቀባቸው ወይስ ልመልሳቸው?" ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ አትመልሺያቸው፤ ቫርኒሹንም ተዪው። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ አበባዬን የማስቀምጠው በእነዚሁ ሸክላዎች ነው።

ሸክላው ጥፋት የለበትም። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ለምን ይመስልሻል? ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት እሳት የተተኮሰ ሸክላ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ አይደፈኑም፤ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይወጣና ሲተን የውስጡን ያበርደዋል። ቡፌሽን ያበላሸውም ይኸው ነው። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው ልባስ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢና ከዚያ በላይ በሚግል ምድጃ የሚወጣ ስለሆነ ቤት ውስጥ በብሩሽ አይመጣም። አንዱን ቫርኒሽ ቀብቼው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ ያ ጭስ የጠጣ ጥቁር መልኩም ጠፋ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ውሃውን ሸክላው አይያዝ። አፉ ሰፊ ለሆነው ውስጡ ልክ የሚገባ ብርጭቆ ፈልጊለት። አንገቱ ጠባብ ለሆነው ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ይበቃል፤ ከውጭ ማንም አያየውም። ምንም የማይገባበት ከሆነ የንብ ሰም አለልሽ። ማስቀመጫውን ፀሐይ ላይ በደንብ አሙቂው፤ ሰሙን በጣሳ አድርገሽ የፈላ ውሃ ውስጥ አቅልጪው (በቀጥታ እሳት ላይ እንዳትጥጂው፣ ይቀጣጠላል)፤ ከዚያ ጨምረሽ እያዟዟርሽ ውስጡን አዳርሺና የተረፈውን ገልብጪ። እንዲያም ሆኖ ሥሩ ትንሽ ሰሃን አይጥፋ።

የጽጌረዳው ነገር ሌላ ነው። አንገቱን የደፋው አርጅቶ ሳይሆን ውሃ አልደርስ ብሎት ነው። ግንዱን በስለታም ቢላዋ አግድም ሳይሆን ሸርተት አድርገሽ ቁረጪ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል በሙሉ አንሺ፣ አበባውን በጋዜጣ ጥብቅ አድርገሽ ጠቅልለሽ ጥልቅ ባልዲ ውስጥ እስከ አንገቱ ለሁለት ሰዓት አቁሚው። ስትፈቺው ብዙ ጊዜ ቀና ብሎ ታገኚዋለሽ። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሪ፤ ብልቃጡንም እጠቢው። የበሰለ ሙዝና ማንጎ ካለበት ሳህን አርቂው፣ ፍሬው የሚያወጣው ጋዝ አበባ ያረግፋል።

አደራደሩን በተመለከተ የእኔ አስተያየት አንድ ነው፦ ማስቀመጫው ትንሽ ከሆነ አበባውም ትንሽ ይሁን። ከሱቅ የሚመጣውን ረጅም ጽጌረዳ ሳያሳጥሩ ትንሽ ሸክላ ውስጥ መትከል ሁለቱንም ያሳጣቸዋል። እኔ ከአንድ ዘንግ ላይ ሦስት እንቡጥ እወስድና አጠገቡ አንድ ቅርንጫፍ ጤና አዳም ወይም ሮዝመሪ አደርጋለሁ። ጤና አዳሙ ቤቱን ያውደዋል፣ ቡና ሲፈላም አንድ ቀንበጥ እቆርጥለታለሁ። አፉ የተሸረፈ ጀበናም አትጣዪ፤ ጠባብ አንገቱ ሁለት ዘንግ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ሦስቱን ማስቀመጫዎች ግን አንድ ላይ አትደርድሪያቸው። አንዱን ቡፌው ላይ፣ አንዱን የወጥ ቤት መስኮት አጠገብ፣ አንዱን አልጋሽ ራስጌ አድርጊና እይው።

ፎቶው ላይ ያየኋትን ትንሿን ጥቁር ደግሞ ለመስከረም አቆይልኝ። አደይ አበባ ገና ያልፈነዳ እንቡጥ የበዛበትን ምረጪ፤ የፈነዳው ቅጠሉን ቶሎ ያራግፋል፣ ቢጫ ብናኙም ነጭ ጨርቅ ላይ ይቀራል። ያን ቢጫ ጥቁር ሸክላ ላይ ስታዪው ትረጂኛለሽ።