የአንገቱ ንፍፊት

ሰሞኑን አንድ ወጣት ሐኪም ከፍኖተ ሰላም ደወለልኝ። «ዶክተር፣ ሲኤምኤል (ሥር የሰደደ የደም ካንሰር) ያለበት ታካሚዬ የደም ቆጠራው ጥሩ ነው። ግን ብብቱ ሥር ንፍፊት አወጣ። ቲቢ ይሆን?» አለኝ። ቡናዬ ሳልጨርሰው ቀዘቀዘ።

ምሥራቅ ጎጃም ስሠራ ይኸው ገጥሞኛል። የኔው ታካሚ ወጣት የብቸና ገበሬ ነበር። መጀመሪያ ጣፊያው እስከ እምብርቱ አብጦ ሲመጣ፣ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ስለነበር ካላዛር (ጣፊያ የሚያሳብጥ የቆላ በሽታ) ነው ብለን ነበር። ኋላ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ዓባይ በረሃን ወርዶ እየወጣ፣ ከጥቁር አንበሳ የካንሰሩን መድኃኒት ግሊቬክን እያመጣ ሁለት ዓመት ዋጠ። ጣፊያው ሟሸሸ። ወደ እርሻው ተመለሰ። እናቱ «ልጄን አዳኑልኝ» ብለው ማር በቅል ይዘው መጡ። እንደዚያ ያለ ነጭ ማር ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም።

አንድ ክረምት አንገቱ ላይ የቄብ እንቁላል የምታክል ንፍፊት ወጣችበት። አታመውም። ዳበስኳት። የደም ቆጠራው ልክ ነው። «ቲቢ ናት» ብዬ መድኃኒት ጻፍኩ። በመርፌ ናሙና መውሰድ ብዙ ደቂቃ አይፈጅም። ወረፋው ግን ረጅም ነበር፤ እኔም እርግጠኛ ነበርኩ።

በሰባተኛው ሳምንት ሲመለስ ንፍፊቶቹ አራት ሆነዋል፤ አንገቱን ማዞር አቅቶታል። መርፌውን ያኔ አነሳሁ። ስላይዱን ያልበሰሉ የደም ሴሎች ሞልተውታል። ካንሰሩ የፈነዳው መቅኒው ውስጥ ሳይሆን ንፍፊቱ ውስጥ ነበር። ብዙ አይገጥምም። ሲገጥም ግን ንፍፊት፣ አጥንት፣ ቆዳ፣ የአንጎል ሽፋን ላይም ሊወጣ ይችላል። መቅኒው ጸጥ ያለ ቢመስልም የሚቆጠረው እንደ መጨረሻው ደረጃ ነው።

ይበልጥ የከነከነኝን ያነበብኩት በኋላ ነው። ከጻፍኩለት የቲቢ መድኃኒት አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ የግሊቬክን መጠን ከደም ውስጥ በእጅጉ ይቀንሰዋል። በአንድ ወረቀት ሁለት ጥፋት። ልጁ ለመስቀል አልደረሰም።

ወጣት ሐኪሞች፣ አንብቡ፣ ትጉ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። እናንተ ግን ስልካችሁን እንጂ ጣታችሁን አታምኑም። አንገት የሚዳብስ ሐኪም እየጠፋ ነው። መቼስ እኔ ጣቴን አምኜ ነው ጉድ የሆንኩት። ያኔ የእናንተ ስልክ በእጄ ቢኖር መድኃኒቶቹ እንደማይስማሙ አይ ነበር።

የፍኖተ ሰላሙን ሐኪም «ዛሬውኑ ናሙና ውሰድ፤ የቲቢ መድኃኒት እንዳትጀምርለት» አልኩት። ማታ መልሶ ደወለ። ስላይዱን ባሕር ዳር ለሚሄድ አምቡላንስ ሰጥቶታል። ውጤቱን ሁለታችንም እየጠበቅን ነው።