መልስ፦ የግንፍሌን የጎርፍ ጉዳት በብር እንዴት እንገምት?

ወንድሜ፣ በግንፍሌ ወንዝ ዳር ላሉ ቤቶችና ሱቆች የከፋውን ክረምት ኪሳራ ብቻ ይዤ የመከላከያ ግንብ በጀት ላቅርብ ወይ ብለሃል። አይበቃም። የሚፈለገው በዓመት በአማካይ የሚጠበቀው ጉዳት ነው።

ለምሳሌ በ10 ዓመት አንዴ የሚመጣው ጎርፍ 2 ሚሊዮን ብር፣ በ50 ዓመት አንዴ የሚመጣው 10 ሚሊዮን ብር ቢያጠፋ፣ የሁለቱ አማካይ 6 ሚሊዮን ነው። የዓመት ዕድላቸው 10 እና 2 በመቶ ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያለ ጎርፍ የሚመጣበት ዕድል ልዩነታቸው፣ 8 በመቶ ነው፤ 6 ሚሊዮኑን በእሱ አባዛው፤ 480,000 ብር ይሆናል። ከዚያ ለባሰው ጎርፍ ቢያንስ የ10 ሚሊዮኑን 2 በመቶ፣ 200,000 ብር ጨምር። ከግንቡ ወጪ ጋር የሚነጻጸረው ግንቡ ከዚህ ውስጥ በየዓመቱ የሚያስቀረው ነው። የአየር ንብረት ለውጥ የ50 ዓመቱን ጎርፍ በ25 ዓመት ቢያመጣው ደግሞ ዕድሉን 4 በመቶ አድርገህ ስሌቱን ድገመው፤ የ10 ዓመቱም እንደዚያው ይቀርባል።

የውሃውን ከፍታ ግድግዳ ላይ ከቀረው የጭቃ መስመር ለካ፣ ነባር ነዋሪዎችንም ጠይቅ።

አደራ የምልህ፣ የጭቃ ቤት በብር ሲተመን ትንሽ ስለሆነ ስሌቱ ትልቁን ሕንፃ ያስቀድማል። ለቤተሰቡ ግን ያለው ሁሉ እሱ ነው። ከብሩ ጎን ስንት ሰው እንደሚፈናቀል፣ ስንት የሥራ ቀን እንደሚባክን ለይተህ ጻፍ።